ሦስት ሰው ከተቀመጠ ስብሰባ ነው

ኦገስት 5፣ ማክሰኞ

ዛሬ ማኤስትሮ ትሬቪኞ በሬን አንኳኩ። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤቱን የሙዚቃ ጓድ ሲመሩ፣ እኔ ከኮሪደሩ ማዶ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ «ድምፅ ቀንሱ!» እያልኩ ነው የኖርኩት። ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ አውርተን አናውቅም። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ «ሚስ ሊድያ፣ የኮርፖሬሽኑ ጸሐፊ እርስዎ ነዎት አሉኝ። ለመሆኑ ኮርፖሬሽኑ በሕይወት አለ?» አሉኝ።

እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። የዱብራቫ የባህልና የትምህርት ተቋማት ፋይናንስ ኮርፖሬሽን (ስሙን አንብቦ ለመጨረስ ራሱ አንድ ስብሰባ ይፈልጋል) የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ከተማው ሙዚየም ሊሠራ ሲያስብ ያቋቋመው ነው። ሙዚየሙ ሳይሠራ ቀረ። ኮርፖሬሽኑ ግን የሚያፈርሰው ሰው ስላልተገኘ እንዳለ አለ። ከአምስቱ የቦርድ አባላት አንዱ ሞተ፣ አንዷ ፍሎሪዳ ገባች። የቀረነው ሦስት ነን፦ ሊቀ መንበሩ ኦርቪል ቴጋርደን፣ ጡረተኛው የከብት ሐኪም፤ የባሌ የጀሮም እህት ቬርና፤ እና እኔ። በዓመት አንድ ጊዜ ተገናኝተን «አጀንዳ የለም» ብለን እንበተናለን።

ማኤስትሮ የመጡት በአሮጌው ጭፈራ ቤት፣ በሆራክ አዳራሽ ጉዳይ ነው። ወራሾቹ ሊሸጡት ነው። ከሂዩስተን የመጣ ነጋዴ አፍርሶ የጀልባ ማስቀመጫ ሊያደርገው ይፈልጋል። ባሕሩ ከዚህ ሁለት ሰዓት መንገድ ነው! የማኤስትሮ የሙዚቃ ማኅበር እስከ ኦክቶበር 10 ገንዘብ የሚያቀርብለት ተቋም ውሳኔ በጽሑፍ ይዞ ከመጣ ግን ለእሱ ይሸጡለታል። የዚያን አዳራሽ ወለል ያልረገጠ ሰው ዱብራቫ ውስጥ የለም። ቅዳሜ እኛ ቼኮቹ ፖልካ እንጨፍራለን፣ እሑድ ሜክሲኮዎቹ ኮንሁንቶ ይጨፍራሉ፤ አኮርዲዮኑ ግን አንድ ነው።

«ልጆች ሁለቱንም የሚማሩበት ቤት ላደርገው ነው» አሉ።

እስቲ አያለሁ አልኳቸው። ሁለት ብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ ጠጥተው ሄዱ።

ኦገስት 7፣ ሐሙስ

መተዳደሪያ ደንቡ ተገኘ። የገና ዛፍ ማስጌጫው ካርቶን ሥር ነበር። ማኤስትሮ በማንበብ ሊያግዙኝ መጡ። (ማንበብ እችላለሁ። ግን መጡ።)

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ኮርፖሬሽኑ መሬትና ሕንፃ መግዛት ይችላል፣ መሸጥ ይችላል፣ ማከራየት ይችላል፣ ለባህልና ለትምህርት ተቋም ማበደር ይችላል፣ ለዚህም ቦንድ ማውጣት ይችላል፣ መክሰስና መከሰስ ይችላል፣ የራሱ ማኅተም ሊኖረው ይችላል። ግብር መጣል አይችልም። ከተማውን ባለዕዳ ማድረግም አይችልም።

«ባለቤቴ አምፓሮ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ይህን ሁሉ ሥልጣን ነበራት» አሉ። «ከግብሩ በስተቀር። ኧረ እሱንም ትጥል ነበር።»

ከት ብዬ ሳቅኩ። ጀሮም ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። የጎረቤቱ ውሻ እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚህ ቤት ሰምቶ ስለማያውቅ አብዝቶ ጮኸ።

ኦገስት 13፣ ረቡዕ

ጉድ ነው። ጠዋት ዳቦ ቤት ገብቼ በፕሪም የተሞላ ጣፋጭ ዳቦ፣ ኮላቼዬን፣ ይዤ ስቀመጥ ቬርና እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበረች። ቀጥሎ ኦርቪል ሳህኑን ይዞ መጣና አጠገባችን ዘጭ አለ። ወዲያው ታየኝ።

«ኦርቪል፣ ተነሥ!»

«ምን አጠፋሁ?»

«ሦስት ነን። ከአምስት ወንበር ሦስት ሰው ምልዓተ ጉባኤ ነው። ስለ አዳራሹ አንዲት ቃል ካወራን ስብሰባ ይሆናል። አስቀድሞ ማስታወቂያ ያልተለጠፈለት ስብሰባ ደግሞ ሕገ ወጥ ነው።»

«እንግዲያው አንዳችሁ ውጡ» አለች ቬርና። «እኔ ቀድሜ የመጣሁ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ኮላቼን ገና አልነከስኩትም» አለ ኦርቪል። «እሺ፣ ስለ ዱር አሳማ እናውራ። ስለ አሳማ ማውራትን የሚከለክል ሕግ የለም።»

ስለ አሳማ አወራን። ሁሉም ሰው ማኘኩን አቁሞ ያዳምጠናል። ትንሽ ቆይቶ ኦርቪል፣ «እንግዲህ አንድ አሮጌ ጎተራ አለ እንበል። አንድ ጨዋ አሳማ ጎተራውን ሊያድስ ፈልጎ…»

«ኦርቪል!»

«ስለ አሳማ እኮ ነው!»

ቬርና አፏን ጠረገችና ተነሣች። «እኔ በበኩሌ ጎተራውን ለአሳማ አልሰጥም። በተለይ ባርኔጣ ለሚያደርገው።» ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። ለምን እኔ ላይ እንደሆነ አልገባኝም።

ኦገስት 21፣ ሐሙስ

ከኦስቲኗ የቦንድ ጠበቃ ጋር በስልክ ተነጋገርን፤ ኦርቪልና እኔ ብቻ። ሁለት ሰው ስብሰባ አይደለም። ስሟ ታማራ ሌድቤተር ነው። ስትናገር ነጥብና ሰረዙ ይሰማል።

«ጭፈራ ቤት የባህል ተቋም ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የእኛ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ቀጥሎ የሚሄዱበት እዚያ ነው» አለ ኦርቪል። «አንዳንዶቹ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን በፊት።»

ማስተማሪያና ትርኢት ማሳያ ከሆነ ይሆናል አለች፤ የቢራ ባንኮኒው ግን በእኛ ገንዘብ አይታደስም። ቦንዱን የሚከፍለው ማኅበሩ ከትምህርቱና ከአዳራሹ ኪራይ በሚያገኘው ብቻ ነው፤ ከተማው አይጠየቅም፣ እኛም በግላችን አንጠየቅም።

«ታዲያ ባይከፍሉ የሚታሰረው ማን ነው?»

«ማንም አይታሰርም፣ ዶክተር ቴጋርደን።»

«ይሄን ሕግ ወደድኩት» አለ ኦርቪል።

ማታ ማኤስትሮ በበቆሎ ልጣጭ ተጠቅልሎ የበሰለ ታማሌ ይዘው መጡ። አንድ ደርዘን። ሐሙስ ሐሙስ እህታቸው ስለምትሠራ ይተርፋል አሉ።

ኦገስት 30፣ ቅዳሜ

አዳራሹን ለመጎብኘት ሄድን። ለሥራ ነው። ጠበቃዋ የሕንፃውን ሁኔታ የሚገልጽ ጽሑፍ ጠይቃለች፤ ጸሐፊዋ ደግሞ እኔ ነኝ።

ስምንት ማዕዘን ያለው ጣሪያ፣ የአቧራ ሽታ፣ በየምሰሶው የተቀረጸ የሰው ስም። የጀሮምንና የእኔን አገኘሁት። ማኤስትሮም አዩትና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ሣጥናቸውን ከፍተው አኮርዲዮኑን አወጡና፣ «የአያቶችዎን ልጫወትልዎት ወይስ የአያቶቼን?» አሉኝ። ሁለቱንም አልኳቸው። ልዩነቱ የቱ ጋ እንደሆነ አጣሁት። እሳቸውም ሳቁ፤ «እሱን ነው ለልጆቹ ማስተማር የምፈልገው» አሉ።

ከዚያም ስልካቸው ላይ ሙዚቃ ተከፈተ። የወለሉን ጥንካሬ ለመፈተሽ ሁለት ዙር ተጨፈረ። («ተጨፈረ» ብዬ ጻፍኩ። የቃለ ጉባኤ ልማድ ነው፤ አድራጊው አይጠቀስም።) ወለሉ ጠንካራ ሆኖ ተገኝቷል።

ስንወጣ፣ «ተጠንቀቂ፣ ደረጃው ተሰብሯል» አለኝ። ተጠንቀቂ። እኔም «አይቼዋለሁ፣ አንተም ተጠንቀቅ» አልኩት። ቤቴ እስክደርስ ያልነውን ልብ አላልኩም።

አሁን መለስ ብዬ ሳነብ፣ ከላይ «እሳቸው» ብዬ ጀምሬ ታች «እሱ» ብዬአለሁ። ማረም ነበረብኝ። ሙቀቱ ነው። እርሳሱም ላጲስ የለውም።

ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ

መድኃኒት ቤት ተራ ስጠብቅ ከመደርደሪያው ጀርባ፦

«ሊድያ ዛፓላክ ሰማያዊ ቀሚስ ገዛች አሉ።»

«ለማን ነው?»

«ለኮርፖሬሽኑ።»

ሳቁ። ቀሚሱ ቅናሽ ላይ ነበር። አሮጌው ደግሞ አልቋል። ለሰው ሁሉ ማስረዳት አለብኝ እንዴ?

ሴፕቴምበር 16፣ ማክሰኞ

እኔ ምን ዓይነት ደደብ ነኝ!

ዛሬ ምሽት ስብሰባው ነበር። ሕዝቡ ገባ፣ ኦርቪል መዶሻውን አነሣ፣ ቬርና እጇን አወጣች። «ከመጀመራችን በፊት» አለች፣ «ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ‹ረቡዕ ሴፕቴምበር 16› ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሕዝቡ የቱን ይመን?»

አየሁት። በገዛ እጄ «ረቡዕ» ብዬ ጽፌአለሁ። ጠበቃዋ በስልክ፣ ማስታወቂያው አሳሳች ስለሆነ ይህን ስብሰባ ብናደርግ ውሳኔው በፍርድ ቤት ሊሻር ይችላል አለች። ተበተንን። በዚያ ላይ ኦርቪል ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ሳን አንቶኒዮ ይሄዳል፤ ሦስታችንም የምንገኝበት የቅርቡ ቀን ኦክቶበር 7 ነው። ከማብቂያው ሦስት ቀን ሲቀረው!

አርባ ዓመት የመጻሕፍት መመለሻ ቀን ስመታ አንዲት ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ማስታወቂያውን የጻፍኩ ዕለት ሴቢዮ (ማኤስትሮ ማለቴ ነው) የማዘጋጃ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ስለ ልጅነቱ እያወራኝ ነበር። እሱ ግን ምክንያት አይደለም። የአየር ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ስለነበር ነው።

ሴፕቴምበር 18፣ ሐሙስ

ታማሌ መጣ። ጥያቄም መጣ። መልስ አልሰጠሁም። አሁን አልጽፍም።

ሴፕቴምበር 25፣ ሐሙስ

ለጠበቃዋ ብቻዬን ደወልኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለሌላ ሰው ነው። የቦርድ አባል የሆነች ሴት ከተበዳሪው ጋር… የጥቅም ግጭት የሚባለው ከየት ይጀምራል?»

«ከተበዳሪው ድርጅት ገንዘብ ታገኛለች?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ተጋብተዋል?»

«አልተጋቡም!»

«ታዲያ ምንድን ነው ነገሩ?»

«ታማሌ ይመጣላታል።»

ወረቀት ስትገልጥ ሰማሁ። «ስንት?»

«አንድ ደርዘን። በየሐሙሱ።»

«ሚስስ ዛፓላክ፣ ስለ ታማሌ ደርዘን የሚናገር አንቀጽ አላውቅም። ሊጋቡ አስበዋል?»

«ጥያቄው በእሱ በኩል ቀርቧል። ውሳኔ አላገኘም።»

 ስትመልስልኝ ድምፅዋ ነጥብና ሰረዙን ትቶ ነበር። ሰውየው አዳራሹ ሲከፈት ከማኅበሩ የአስተማሪነት ደመወዝ የሚያገኝ ከሆነ፣ ሚስቱ የሆነች ዕለት ጥቅሙ የእሷም ነው፤ ያኔ በይፋ ተናግራ ከድምፁ መውጣት አለባት። እስካልመለሰችለት ድረስ ግን ሕጉ አያስገድዳትም። «የቀረውን» አለች፣ «ያቺ ሴት ራሷን ትጠይቅ።»

እነግራታለሁ አልኩ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ኦርቪል ይደግፋል፣ ቬርና ትቃወማለች። እኔ ከወጣሁ አንድ ለአንድ ነው፤ አዳራሹ ይፈርሳል። ዝም ካልኩ ይድናል። ዝም ማለት ደግሞ ሙያዬ ነው፤ አርባ ዓመት ሰውን ሁሉ ዝም አሰኝቻለሁ።

ኦክቶበር 2፣ ሐሙስ

ቬርና ሳትደውል መጣች። የማሽላ ኬክ አመጣሁልሽ ብላ ገባች፣ ኬኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ የቆሻሻ ቅርጫቴን አየች። የታማሌው የበቆሎ ልጣጭ ሞልቶታል።

«ጀሮም ታማሌ አይወድም ነበር» አለች።

«ጀሮም የለም፣ ቬርና።»

«አውቃለሁ። እኔም አጠገቡ ነበርኩ።»

ተቀመጥን።  «ማክሰኞ አልመጣም ብል ስብሰባ የለም» አለች። «ታውቂያለሽ አይደል? ሁለታችሁ ብቻ ተቀምጣችሁ ስለ አሳማ ታወራላችሁ።»

«ትመጫለሽ?»

«አንቺ የምትነግሪኝ ነገር አለሽ?»

የለኝም አልኳት። ኬኳን እንኳ ሳትቆርስ ወጣች።

ለምን የለኝም አልኩ? ሠላሳ ስድስት ዓመት እህቴ ሆና የኖረች ሴት ናት። ጀሮም ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ተራ ገብታ እግሩን ያሸች። የምን ፍርሃት ነው? ሴቢዮ ማታ ሲደውል ነገርኩት። «ሊድያ፣ መልስሽን ከአዳራሹ ጋር አታያይዢው። አዳራሹ ቢፈርስም እኔ አለሁ» አለኝ። የባሰ አስለቀሰኝ። በዚህ ዕድሜ!

ኦክቶበር 7፣ ማክሰኞ

ሁሉንም እጽፋለሁ።

ስብሰባው የተጠራው ለአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ማስታወቂያውን አራት ጊዜ አንብቤ ነው የለጠፍኩት። የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሟል። የሂዩስተኑ ነጋዴም ፊት ለፊት እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። የቬርና ወንበር ባዶ ነው። አሥራ ሁለት ከአምስት፤ ባዶ። ከአሥር፤ ባዶ። ነጋዴው ሰዓቱን አይቶ ፈገግ አለ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ በሩ ተከፈተና ቬርና ቦርሳዋን እንደ ጋሻ ይዛ ገባች፣ ማንንም ሳታይ ተቀመጠች።

ኦርቪል አጀንዳውን አነበበ። እኔ ተነሣሁ። መነሣቴን ያወቅኩት ከተነሣሁ በኋላ ነው።

«በቃለ ጉባኤው እንዲመዘገብልኝ» አልኩ። «የተበዳሪው ማኅበር ሊቀ መንበር ለጸሐፊዋ የጋብቻ ጥያቄ አቅርቦላታል። ጸሐፊዋ እስካሁን መልስ አልሰጠችም። መልሱን ግን ታውቀዋለች። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ድምፅ አትሰጥም።»

 ከኋላ አንድ ሰው «ሰማያዊዋ ቀሚስ!» አለ። ወረቀቴን ሰብስቤ ወደ በሩ ሄድኩ፤ ድምፅ የማይሰጥ ሰው ይውጣ ብዬ። አንድ እግሬ ደፉን ሲያልፍ፣ ጠረጴዛው ላይ በተከፈተው ስልክ ስብሰባውን የምትከታተለው ጠበቃ ጮኸች፦ «አይውጡ! ከወጡ ሁለት ሰው ነው የሚቀረው! ጉባኤው ይፈርሳል!»

«ልውጣ ወይስ ልቀመጥ?»

«ይቀመጡ! አይናገሩ ብቻ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ አፌን በእጄ ይዤ።

«እደግፋለሁ» አለ ኦርቪል። ከዚያ ወደ ቬርና ዞረ። መዶሻው በእጁ ላይ ይወዛወዛል።

ቬርና ቦርሳዋን ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዘጋች። «ወንድሜ ሚስቱን ያገኘው በዚያ ወለል ላይ ነው» አለች። «ያስተዋወቅኳቸው እኔ ነኝ። የጀልባ ማቆሚያ አይሆንም። እደግፋለሁ።» ቀጥላም ወደ እኔ ሳትዞር፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «ይሄን ከመድኃኒት ቤት ሳይሆን ከአፍሽ ለመስማት ሁለት ወር ጠበቅኩሽ።»

ሁለት ድጋፍ፣ ተቃውሞ የለም፣ አንድ አፏን የያዘች። አለፈ። ነጋዴው እግሩን ፈትቶ ወጣ።

ሴቢዮ በሩ ላይ ባርኔጣውን እያሽከረከረ ይጠብቀኛል። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «የጥያቄዬን መልስ ከመላው ከተማ ጋር እኩል ሰማሁ» አለኝ።

«ምን ላድርግ፣ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው» አልኩት።

ኖቬምበር 2፣ እሑድ

የከተማው ምክር ቤት አጸደቀ፣ ወራሾቹ ፈረሙ። ከቦርዱ መልቀቂያ አስገብቻለሁ፤ በእኔ ቦታ ማን እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ኦርቪል ዳቦ ቤት ውስጥ ሰው እየመለመለ ነው፤ አንድ በአንድ።

ዛሬ የሙታን መታሰቢያ ስለሆነ ከቬርና ጋር መቃብር ልናጸዳ ሄድን። በዚህ በኩል የእኛ፣ ከሽቦ አጥሩ ማዶ የሜክሲኮዎቹ። የጀሮምን ድንጋይ አጠብን፣ አበባ አስቀመጥን። ቬርና ሥሩ የበቀለውን አረም ነቃቅላ ስትጨርስ ቀና አለች። ማዶ ሴቢዮ የአምፓሮን መቃብር በመሐረቡ ይጠርጋል፤ ውሃ የለውም። ብርቱካናማ አበባዎቹ በፀሐይ ጠውልገው አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ሰውየው ባልዲ የለውም እንዴ?» አለች።

«የረሳ ይመስለኛል።»

«እና ምን ትጠብቂያለሽ? ቅጂና ሂጂ።»

ሞልቼ በአጥሩ ክፍተት ገባሁ። ሴቢዮ ባልዲውን ተቀበለኝ፣ ድንጋዩን ቀስ ብሎ አጠበው፣ አበባዎቹን አጠጣ። ከዚያ ተንበርክኮ፣ «አምፓሮ፣ ይቺ ሊድያ ናት» አላት። «ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምትጮህብን።»

 «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኩ፤ ለጩኸቱ ይሁን ለሌላው እኔም አላወቅኩም።

ዞር ስል ቬርና የጀሮም ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብላ ታወራለች። እጇን እያወራጨች፣ ጣቷን ወደ እኛ እየቀሰረች። ሁሉንም እየነገረችው ነው። ከዚያ ቀና ብላ፣ የመቃብር ቦታው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ድረስ ተጣራች፦

«ሊድያ! ባልዲውን መልሺልኝ! ሌላውን ራስሽ ታውቂበታለሽ!»